ዓይነ ደረቅ

የጦሳ ተራራ ከሰዓት ጀምሮ ጉም ለብሶ አልገለጥ ብሏል። እንዲህ ያለ ቀን ለእኔ መልካም ነው። ሰው ሁሉ ብርዱን እያማረረ በሩን ሲዘጋ እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ አየሩ ሲረጥብ ዓይኔ ትንሽ ያርፍልኛል። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል፣ ጉሙም አላነሳልኝም።

ነገ የእታለም አርባ ነው፤ ቁሌቱ የእኛ ድርሻ ነው። ዛሬ አብስለን ነገ በማለዳ ወደ ኮምቦልቻ ይዘን እንወርዳለን። የአክስቴ ልጅ አራተኛውን ራስ ሳትጨርስ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች «ወይኔ ዓይኔን!» ትላለች። እኔ አንድ ትሪ ሙሉ ከትፌያለሁ። ያቃጥለኛል፣ ይቆረቁረኛል፣ ጠብ የሚል ግን የለም። እትዬ ዘ. ጨው ሊዋሱ ገብተው አዩኝና «አንቺስ ታድለሽ ልጄ፣ ሽንኩርት እንኳ አልደፈረሽም!» አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉት። ቢላዋውን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ታድለሽ።

የእታለም ቀብር ዕለትም ዓይኔ እንዲሁ ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ፣ የወለደችኝ ሌላ ብትሆንም እኔ የእሷ ልጅ ነኝ፤ ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አልቃሿ ስሟን እየጠራች ስታወርድ፣ ወንዶቹ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሲጥሉ፣ እኔም ደረቴን እየደቃሁ ጮህኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ጉንጬ ግን ደረቅ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ የማልሰማት መስሏት፣ አጠገቧ ላለችው «ይቺ ዓይነ ደረቅ! ላሳደገቻት እንኳ አታነባም?» ስትል ሰማኋት።

ዓይነ ደረቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልተረጉምም። ሐኪሙ ሕመሜን ሲነግረኝ ያወጣቸው እነዚያኑ ሁለት ቃላት ነበር፣ ትንሽ አዙሮ፦ የዓይን ድርቀት። ከሐኪም አፍ ሲወጣ በሽታ ነው፣ ከለቀስተኛ አፍ ሲወጣ ነውር። ያቺን ሴት አልተቀየምኳትም። እሷ ምን ታውቃለች? እኔ ራሴ ስሙን እስካውቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ አለርጂ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው ትራኮማ ፈለጉ፣ አጡ፤ ቴትራሳይክሊን ቅባቱን ግን ሰጥተው ሸኙኝ። ሌላ ቦታ «ስልክ ማየት ቀንሺ» ተባልኩ። በዚህ መሐል ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ይለኝ ጀመር፣ ቆሎ መቆርጠም ተውኩ፣ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ። ለዓይን አንድ ሐኪም፣ ለአፍ ሌላ ሐኪም፣ ለጣት ሌላ። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ሳገኝ ነው ነገሩ የተፈታው።

ያቺን ወረቀት አልረሳትም። ከትንሿ ጣቴ የጠበበች፣ ሚሊሜትር የተሰመረባት ቁራጭ ናት። ጫፏን አጥፈው በታችኛው የዓይኔ ቆብ ሥር ሰኩልኝና «ጨፍኚ» አሉኝ። ነርሷ ሰዓቷን እያየች አምስት ደቂቃ ቆመች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኔ ወረቀቷ እንድትረጥብልኝ እጸልያለሁ። ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከረጠበች ደኅና ነው፣ 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ድርቀት። የእኔ 2 ነበር። ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ያን ታህላለች። ይህን መለኪያ ኦቶ ሺርመር የተባለ ጀርመናዊ በ1903 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው፣ እስከ ዛሬም ዓለም የሚለካው በዚያው ነው። ከዚያ ደሜ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ፣ ከከንፈሬ ውስጥም ትንሽ ሥጋ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ አዩ። ሾግረን ነው አሉኝ።

ሄንሪክ ሾግረን ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1925 መሆኑ ነው፣ ዓይናቸው ስለደረቀ 19 ሴቶች የዶክትሬት ጽሑፍ ጻፈ። አፋቸውም የደረቀ፣ ከእነሱም መገጣጠሚያቸውን የሚታመሙ ነበሩባቸው። እንደ እኔው ዓይን፣ አፍ፣ ጣት። እሱ ሦስቱን አንድ ላይ አየ። ጽሑፉ ግን ጥሩ ነጥብ አላገኘም፣ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር መንገዱም ያኔ ተዘጋበት። ስሙ ዛሬ በሽታው ላይ አለ። የ19ኙ ሴቶች ስም ግን የለም፣ እኔ ደግሞ የማስበው እነሱን ነው። ይህ በሽታ ከያዛቸው 10 ሰዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው። እነዚያ ሴቶች በየቀብሩ ምን ተባሉ ይሆን?

ለእታለም ሕመሜን ያስረዳኋት ሆስፒታል አስተኝተናት ሳለ ነው። ሰውነቴ ጠባቂ አለው አልኳት፤ ነጭ የደም ሕዋስ የሚሉት። ጠባቂዎቹ የራሴን የእንባ ዕጢ ጠላት መስሏቸው ገብተው ሰፈሩበት፣ ቱቦዎቹን ከበቡ፣ ዕጢው ቀስ በቀስ ሥራ አቆመ። ሰምታ ሰምታ «እንግዲያ የገዛ ዘበኛሽ ምንጭሽን አጠረብሽ በይኛ» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር እስካሁን አላነበብኩም። «አብሽሪ፣ ዘበኛም ይመከራል» ብላም አከለች።

እውነትም መድኃኒት የሚሠሩት ሰዎች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። ዘበኛውን እንዴት ይመክሩታል? ካባረሩት ሰውየው ለሌላ በሽታ ሁሉ ይጋለጣል። ከተውት ምንጩ ይደርቃል።

ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ከሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል። ከኖርዌይ ደጋ ላይ በ1969 እ.ኤ.አ. ከተዘገነ አፈር የተገኘ ሻጋታ ነው መነሻው። መጀመሪያ የተተከለ ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው ይሰጥ ነበር። ወደ ዓይን ያመጣችው ሬኔ ካስዋን የምትባል፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የነበረች የእንስሳት ዓይን ሐኪም ናት። ውሻም ዓይኑ ይደርቃል፤ ጠባሳ ይሠራበትና ይታወራል። ሳይክሎስፖሪኑን ስታደርግላቸው የውሾቹ እንባ ተመለሰ። ለውሻ በ1995፣ ለሰው በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሰባት ዓመት ውሻ ቀደመን፣ ይቅደመን። የውሻ ዕውርነት ያሳዘናት ሴት ኖራ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የሚያመጣልኝ ያ የሚያቃጥል ጠብታ ለእኔም ደረሰኝ። ካስዋንን ባገኛት እጇን ነበር የምስመው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጡ። ሊፊተግራስት በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ ነጭ ሕዋሳቱ የሚጨባበጡበትን እጅ ይዞ እንዳይሰባሰቡ የሚያደርግ ጠብታ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቫሬኒክሊን፣ ሲጋራ ለማስተው በክኒን ይሰጥ የነበረው፣ በአፍንጫ የሚረጭ ሆኖ መጣ። ይህኛው ብልህ ሐሳብ ነው። በርበሬ ሲታመስ አፍንጫችን ተነክቶ ዓይናችን የሚያነባበትን የነርቭ መንገድ ነው የሚቀሰቅሰው። ብዙ ሰው ያስነጥሳል፣ ግን እንባ ያመጣል። የእኔ ነርቭ ይጮኻል፣ አንጎሌም ያዛል፤ አልሰማ ያለው ዕጢው ነው። ስለዚህ መንገዱን መቀስቀስ የሚጠቅመው ከመንገዱ ዳር የቀረ፣ የሚሰማ ዕጢ ካለ ነው።

የወደቁትስ? ክሎሮኩዊንን ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የወባ ክኒን። ዘመዱን ሃይድሮክሲክሎሮኩዊንን እኔም ለጣቶቼ እውጠዋለሁ። ፈረንሳዮች 120 ሕሙማን ላይ ለ24 ሳምንት ሞክረውት ነበር። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለድርቀቱም፣ ለሕመሙም፣ ለድካሙም ከማስመሰያው ክኒን አልበለጠም። ነጭ ሕዋሳትን የሚያጠፋውን፣ ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ሞከሩ። የፈረንሳዩ ሙከራ የእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ሲነበብ «እንባ» ይላል። ዋና ግቡን አልመታም። እንግሊዞችም ደገሙት፣ አልሆነም። ያንን ስም የመረጠ ሰው ምን ያህል ተስፋ አድርጎ እንደነበረ ሳስብ ለራሴ ካዘንኩት በላይ ለእሱ አዝናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳነበው ሰውነቴን የወረረኝ። ከሕመምተኛው ክንድ ደም ይቀዳል፣ ቀዩ ተለይቶ ይወጣል፣ የቀረው ቢጫማ ውሃ በጨው ውሃ ቀጥኖ ጠብታ ይሆናል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይሠራበታል። ንጹሕ ላቦራቶሪና የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ በእኛ መብራት አልመኘውም። ግን አስቡት፤ እኛ ደም አለቀሰች የምንለውን እነሱ በብልቃጥ አድርገው ይሰጣሉ።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ ኢያናሉማብ የተባለው መርፌ በሁለት የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራዎች፣ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት በሚደረጉት በትልልቆቹ፣ ዋና ግቡን መታ ብሎ አስታወቀ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ይህ ጠብታ አይደለም፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ከነጭ ሕዋሳቱ ውስጥ ቢ የሚባሉትን፣ የተሳሳተውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን፣ ያጠፋል፤ ለመኖር የሚቀበሉትን ምልክትም ይዘጋባቸዋል። ከዘጠና ዓመት በኋላ ዘበኛውን ራሱን አግኝቶ ያነጋገረ ሰው የመጣ መሰለኝ። እታለም ጋ ደወልኩ። «ዘበኛሽን ሊመክሩልሽ ነው?» አለችኝ፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳል አቋረጣት።

በማግሥቱ ቁጭ ብዬ ግቡ ምን እንደነበረ አነበብኩ። የበሽታው እንቅስቃሴ የሚለካበት ነጥብ ነው። 12 ክፍል አለው፦ መገጣጠሚያ፣ ቆዳ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ነርቭ፣ ደም፣ እያለ ይቀጥላል። ዕጢም አለበት፣ ግን የሚጠይቀው አብጧል ወይ ብሎ ነው። ድርቀት ከ12ቱ ውስጥ የለም። ድርቀት በሌላ መጠይቅ ነው የሚገባው፣ ከድካምና ከሕመም ጋር፤ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጫለሽ። ሥራቸውን ማቃለሌ አይደለም። ሳንባና ኩላሊት ይገድላሉ፣ ድርቀት አይገድልም። እኔም ሐኪም ብሆን መጀመሪያ የሚገድለውን እለካለሁ። ደግሞስ የጠፋ ዕጢ ዘበኛው ቢወጣለት ተመልሶ ያመነጫል ወይ? ምንጩን ያጠረው ሰው ቢሄድ ውሃው ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ግን ያ ቁጥር አላረካኝም። እኔን ቢጠይቁኝ ድርቀቴ ስንት ነው የምለው? ማታ ማታ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ሲመስለኝ፣ 8 ነው። እንደ ዛሬ ጉም ሲሆን 5። የቀብሩ ዕለት ስንት ነበር? ያቺ ሴት ያየችው ድርቀት በየትኛው ሳጥን ይሞላል? እንባ ዓይን ለማራስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠብታው ይበቃኝ ነበር። እኛ አገር ግን እንባ ምስክር ነው። ሰው ሲሞት ሰው የሚያየው ጉንጭሽን ነው። ሐዘኔ ውስጤ አለ፣ ከሁሉም የበለጠ አለ፣ መውጫ ነው ያጣው።

ነገ በማለዳ እንወርዳለን። ጠብታዬን እንደ ሁልጊዜው በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያለሁ፤ ሰው ሠራሽ እንባ ይላል ከላዩ። በአንድ ዓይን ሁለት ሳደርግ አንዷ ሳትቀር ወደ ጉንጬ ትወርዳለች፣ አውቃታለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ካደረግኩት ኮምቦልቻ ሳንደርስ ይደርቃል። አጥሩ ጋ ስደርስ፣ ልቅሶው ሲሰማኝ፣ ዞር ብዬ ካደረግኩት ግን ሲያዩኝ የማለቅስ ነው የሚመስላቸው። ያቺም ሴት ትኖራለች። የእታለም ልጅ ዛሬ አለቀሰች ትላለች።

ውሸት ነው እንዳልል የማለቅሰው ከልቤ ነው። እውነት ነው እንዳልል እንባው ከፋርማሲ ነው። እታለምን ነበር እንዲህ ያለውን የምጠይቃት። በሩ ላይ ላድርገው፣ ወይስ ገና መንገድ ላይ፣ ዶሮ መዝለያን ሳናልፍ አድርጌ ደረቄን ልግባ?