ጌሾ ባልበላው ዕዳ

ጠላ በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው ጌሾ ነው። ሲመር «ጌሾ በዝቶበት ነው»፣ ሲኮመጥጥ «ጌሾ አንሶት ነው»፣ በማግስቱ ራስ ሲያዞር ደግሞ «የጌሾው እንጨት ነው» ይባላል። ጌሾ ጨርሶ ንጹሕ ነው አልልም። ጣሳውን ረጋ ብሎ ያሸተተና የቀመሰ ሰው ግን ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ ብቅሉ ላይ፣ ምጣዱ ላይ፣ ይበልጡን ደግሞ በየሰዓቱ በሚከፈተው የጋን አፍ ላይ።

አዝመራው ገብቶ የጥር ሠርግ በሚደገስበት ሰሞን ጎጃም ውስጥ ከወረዳ ወረዳ የሚዞር ጠጪ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጠላ ይገጥመዋል። ሦስቱንም «ጠላ» ብሎ በአንድ መጥራት ይቻላል፤ በአንድ ሚዛን መዳኘት ግን ስህተት ነው።

በሜጫ፣ በአቸፈርና በዳንግላ በኩል ዳጉሳ ይበዛል። የዳጉሳ ጠላ መልኩ ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል፣ ወፈር ይላል፣ ሲጠጡት ድድንና ጉንጭን ጨምደድ ያደርጋል። ይህን ብዙ ሰው ምሬት ይለዋል። ምሬት አይደለም፤ ከዳጉሳው ቅርፊት የሚወጣ ታኒን ነው፣ ብዙ የፈላ ሻይ አፍ ውስጥ የሚተወው ዓይነት ድርቀት። መለያው ቀላል ነው፦ የጌሾ ምሬት ከዋጡት በኋላ ከምላስ ሥር ይመጣል፣ ታኒን ግን ገና አፍ ውስጥ ሳለ ጉንጭን ያደርቃል። ጠላው ጉንጭ የሚያደርቅ ከሆነ ጌሾ መቀነስ አይረዳም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠምቁ ከዳጉሳው ሲሶውን በገብስ ተኩት።

ከጮቄ ሥር በስናን፣ እንዲሁም በሰከላ ደጋ፣ ጠላው የገብስ ነው። ጥሩ የገብስ ጠላ ገና ወደ አፍ ሲጠጋ ትኩስ ቆሎ ይሸታል። ደጋው ስለሚበርድ መፍላቱ ይዘገያል፤ ቀስ ብሎ የፈላ ጠላ ደግሞ ጠረኑ የጠራ ይሆናል። ለእኔ ከሦስቱ ይኸኛው ይበልጣል፤ የዳጉሳ ወዳጆች ይቀየሙኝ። ጉዳቱ አሻሮው ሲያር ነው። የተቆላው ገብስ ቀለም የጠቆረ ወርቅ ሲመስል ከምጣድ መውረድ አለበት፣ ጥቁር ቡና እስኪመስል ከተጠበቀ ጠላው ከሰል ከሰል ይላል። ይህም ምሬት በጌሾ ይሳበባል።

በቡሬና በወምበርማ በኩል በቆሎ ርካሽ ስለሆነ ጠላው ውስጥ በብዛት ይገባል። የበቆሎ ጠላ ቀለሙ ፈዘዝ፣ ሰውነቱ ቀለል ያለ ነው፤ አረፋውም ቶሎ ይጠፋል፣ ምክንያቱም የበቆሎ እምብርት ዘይት አለው፣ ዘይት ደግሞ የአረፋ ጠላት ነው። ዱቄቱ ከተፈጨ ወር ያለፈው ከሆነ ያው ዘይት ይበላሽና ጠላው የቆየ ቅባት ይሸታል። ስለዚህ በቆሎ የሚፈጨው ጠላው በሚጠመቅበት ሳምንት ነው። ደግሞም የበቆሎ ስታርች ከገብሱ ይልቅ ብዙ ሙቀትና ውኃ ይፈልጋል፤ ሳይበስል ከገባ ብቅሉ ሊፈጨው አይችልም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ይህ መጠን 20 ሊትር ገደማ ጥሩ ጠላ፣ ከዚያም ላይ ቅራሪ ያወጣል። የሚያስፈልገው፦ የደረቀና የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል 400 ግራም፣ ተቀጥቅጦ የላመ የጌሾ እንጨት 150 ግራም፣ የብቅል ዱቄት 1 ኪሎ፣ ለቂጣ 2 ኪሎ ዱቄት፣ ለእንኩሮ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ 3 ኪሎ። ውኃው፣ ቂጣው የሚቦካበት፣ እንኩሮው የሚታሽበትና የቅራሪው ሳይቆጠር፣ በጠቅላላው 25 ሊትር ነው።

ብቅል ከገበያ ሲገዛ ይሸተታል፣ ይነከሳል። ደህናው ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ጣፈጥ ይላል። ቤት ለሚያበቅል ሰው ገብሱ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ በመሀል ሁለት ጊዜ ውኃው ይቀየራል፣ ከዚያ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ገደማ ይቆያል። በቀን ሁለቴ እጅ እየሰደዱ ማገላበጥ ግድ ነው፤ መሀሉ ሞቆ ከተገኘ ወዲያው ይበተናል። ሥሩ የፍሬውን ርዝመት ያህል ሲሆን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሥሩ እንደ ጥልፍ ክር እስኪጠላለፍ ከቆየ ቡቃያው የጠላችሁን ስኳር በልቶታል ማለት ነው። ለመቸኮል ብሎ ምጣድ ላይ ማድረቅ ደግሞ ብቅልን መግደል ነው፣ እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ዕቃው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ያልደረቀ ጋን ጭስ አይዝም፣ ላቡን ብቻ ያወርዳል። የቧንቧ ውኃ ለሚጠቀም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በውኃው ያለው ክሎሪን ከጭሱ ውስጥ ካሉት ፌኖል የሚባሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ቤት ሽታ ያመጣል። ለዚህ ሽታ ትንሽ ክሎሪን እንኳ ይበቃል። ስለዚህ ውኃው ቀድሞ ይፈላና ይቀዘቅዛል፣ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍት ሆኖ ያድራል። የጠላ «የሆስፒታል ሽታ» መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ጭሱን መተው ሳይሆን ውኃውን ማሳደር ነው መፍትሔው።

ጥንስሱ የጌሾ ቅጠሉ ከ6 ሊትር ውኃና ከአንድ ጭብጥ ብቅል ጋር ነው። ባሕር ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ጌሾው ወደ ላይ ተነስቶ ይፈነዳዳል። ደብረ ማርቆስ፣ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ፣ አራት ወይም አምስት ቀን ይፈጃል። ቀን መቁጠር ሳይሆን ጆሮን ጋኑ ላይ ጣል ማድረግ ይሻላል፦ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካለ እርሾው ተነስቷል። በደጋው ቅዝቃዜ ሌሊት ዕቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ይረዳል።

ከዚያ ቂጣው ይጋገራል። ቂጣው ጠላ ውስጥ የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጥሬ ስታርች ወደ ስኳር ለሚለውጠው የብቅሉ ኢንዛይም እንደ ተዘጋ በር ነው፣ ሙቀትና ውኃ ሲያገኝ ያብጥና ይከፈታል። ቂጣው መሀሉ ጥሬ እንዳይሆን ሳሳ ተደርጎ ይጋገራል፣ ይቆራረሳል፣ ይቀዘቅዛል። መቀዝቀዙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የብቅል ኢንዛይም ከ75 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በፍጥነት ይሞታል፤ እርሾው ደግሞ 50 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ መሞት ይጀምራል። ከምጣድ የወረደ ትኩስ ቂጣ ጥንስስ ላይ የሚጥል ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀብሯል። ምጣድ ላይ የደረቀ ብቅልም የሚሞተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርጥብ እህል ሙቀት አይችልም። ክንድ ላይ ሲያስነኩት ሙቀቱ የማይታወቅ ከሆነ ቂጣው ይገባል፣ ከቀረው ብቅልና ከ3 ሊትር ውኃ ጋር። ሁለት ቀን ይቆያል።

እንኩሮው ቀጥሎ ነው። የተቆላው ገብስ ዱቄት ውኃ እየተርከፈከፈበት በእጅ ይታሻል፣ ምጣድ ላይ እየተማሰለ ፍርፍር እስኪሆን ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከጌሾው እንጨት ጋር ይገባል። አሁን ድፍድፉ ወፍራም ገንፎ ይመስላል፤ መምሰልም አለበት። በዚህ ውፍረት ሦስት ወይም አራት ቀን ይተዋል፣ በቀን አንዴ በታጠበ እንጨት ይማሰላል። ጌሾ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ነው፦ መምረር ብቻ ሳይሆን የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች ገታ ያደርጋል፣ እርሾው እንዲቀድም። ጌሾን እስከ ግማሽ የሚቀንስ ሰው ለስላሳ ጠላ አገኛለሁ ብሎ ኮምጣጣ ጠላ ይጠምቃል።

በመጨረሻ የቀረው 16 ሊትር ውኃ ይጨመርና አፉ ይመረጋል። በጋን ከሆነ በጭቃ፣ በጀሪካን ከሆነ ክዳኑ ተበስቶ ቀጭን ቱቦ ይገባበትና የቱቦው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። አየሩ እየተንቡለበለበ ይወጣል፣ የውጭው አይገባም። ጀሪካንን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ግን አይሆንም፤ ይነፋል፣ ይፈነዳል፣ ጣሪያውን አተላ ይቀባል። ደግሞ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሚል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ መንቡልቡሉ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ይጠልላል።

ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ የስኳሩን መጠን የሚጠቁም መለኪያ፣ ያላቸው ሰዎች የጠላን አልኮል በቢራ ቀመር ሲያሰሉ ቁጥሩ አልገጥም ይላቸዋል። ምክንያት አለው። ቢራ ውስጥ ስኳሩ መጀመሪያ ተሠርቶ ያልቃል፣ እርሾው ኋላ ይገባል። ጠላ ውስጥ ግን ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ሲለውጥ እርሾው እዚያው ይበላዋል፤ ስኳሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚለካበት ሰዓት የለም። መነሻ ልኬት የሌለው ነገር በመጨረሻው ልኬት ብቻ አይሰላም። ከዚህ መጠን 4 በመቶ ገደማ መጠበቅ ይቻላል። ሃይድሮሜትሩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ተጠልሎ የተለካ ጠላ በሁለት ተከታታይ ቀናት አንድ ቁጥር ካሳየ ፈልቶ ጨርሷል።

እንግዲህ ጣሳውን እናንሳ። ጠላው ጣፋጭ፣ ድፍርስና ከባድ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ብቅሉ ነው። ማረጋገጫው ከፋርማሲ የሚገዛ ቲንክቸር አዮዲን ነው፦ አንድ ማንኪያ ጠላ በነጭ ሳህን ላይ በውኃ ይቀጥናል፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ይንጠባጠብበታል። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ያልተፈጨ ስታርች አለ፤ ብቅሉ አንሷል ወይም ሞቷል። አዮዲን የነካው ሳህን ላይ ያለው ይደፋል፣ አይጠጣም። ጠላው ገና በጋን ካለ ሌላ ሩብ ኪሎ ጤነኛ ብቅል በለብታ ውኃ በጥብጦ መጨመርና ሁለት ቀን መታገስ ያድነዋል።

መኮምጠጡ ሁለት ዓይነት ነው፣ መለየት አለበት። ምላስ ላይ እንደ እርጎ የሚኮመጥጥና አፍንጫን የማይነካ ከሆነ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ቀናት ነው፦ ጌሾ አንሶ፣ ወይም ጥንስሱ በሙቀት ብዙ ቆይቶ፣ ወይም ዕቃው በደንብ ሳይታጠብ። ትንሽ መኮምጠጥ ግን ጉድለት አይደለም፣ የጠላ ጠባይ ነው። አፍንጫን ወጋ የሚያደርግ የሆምጣጤ ሽታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አልኮልን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ ያለ አየር አይሠራም፤ ስለዚህ ጠላው ካለቀ በኋላ አየር አግኝቷል ማለት ነው። ማግኛ መንገዱም የታወቀ ነው፦ ድግስ ላይ ጋኑ ጠዋት ይከፈታል፣ በየደቂቃው ጣሳ ይነከርበታል፣ ማታ በጨርቅ ሸፈን ይደረጋል፣ በማግስቱ «ጌሾው ምን ነካው» ይባላል። ጋኑ ከተከፈተ በሙሉ ይጠለልና በትንንሽ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ ይከፋፈል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት። የሆመጠጠውን ግን የሚመልሰው የለም። ስኳር መጨመር ለባክቴሪያው ስንቅ ማቀበል ነው።

ስለ ራስ ምታት ሲነሳ ስለ ጉሹም መነሳት አለበት። ጉሽ ገና እየፈላ ያለ ጠላ ነው፤ ጣፈጥ ስለሚል አልኮሉ አይታወቅም፣ ጣሳው ይደጋገማል፣ ሆድ ይነፋል። ለደቦ ቸኩሎ የወጣ ጉሽ ጠጥቶ በማግስቱ ጌሾን መክሰስ ግን ፍርድ አይደለም።

ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው የጠለለውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሙላ፣ ከአፉ ሁለት ጣት ያጉድል፣ በአንድ ሊትር 5 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ጨምሮ ይክደን። ጠርሙሱን በየቀኑ በጣት ጫን ማድረግ ነው፤ ጫን ሲሉት የማይገባ ከሆነ ጋዙ ሞልቷልና ቀዝቃዛ ቦታ ይግባ። ፈልቶ ያልጨረሰ ጠላ ከሆነ ስኳሩ ይቅር። በመስታወት ጠርሙስ ይህን አትሞክሩት፣ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል።

የቀረው ድፍድፍ ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ 8 ሊትር ውኃና አንድ ጭብጥ ብቅል ተጨምሮ ሁለት ቀን ሲያድር ቅራሪ ይሆናል፤ ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚኮመጥጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ማለቅ ያለበት። ከዚያ በኋላ ያለው አተላ የከብት ነው። አንድ ነገር ግን ይለያል፦ ብቅሉ ወይም በቆሎው ሻጋታ ታይቶበት ከነበረ ጠላውም አተላውም ይጣላል። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን በምጣድ ሙቀት አይጠፋም፣ ላሟ ስትበላውም ወደ ወተቷ ይወጣል። ከብትና ዶሮ የማይደርሱበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር።