በረዶ ጠራጊ ማሽንን ከጨውና ከዝገት መታደግ፦ የሠራሁትና የተማርኩት

በእጄ የገባው በረዶ ጠራጊ ማሽን ብዙ የበረዶ ወራት ያሳለፈ፣ ሰው የተጠቀመበት ማሽን ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ይነሣል፣ ቺንጋዎቹም ደህና ነበሩ። ጉዳቱ የነበረው ብረቱ ላይ ነው፤ በረዶውን የሚሰበስበው ጥምዝ ብረት ቀለሙን ጨርሷል፣ የፊተኛው ሣጥን የታችኛው ጠርዝ በጣት ሲነካ እየተቀረፈ ይወርዳል፣ ብሎኖቹም ከዳዶዎቻቸው ጋር ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ሞተሩ ገና ረጅም ዘመን ሊያገለግል የሚችል ማሽን አካሉ በዝገት ስለተበላ ብቻ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ማሽኑን ፈትቼ፣ አጽድቼና ቀብቼ ለማዳን ወሰንኩ።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ጨው በብረት ላይ የሚያደርሰውን ነገር በሚገባ መረዳት ነበረብኝ። በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ውሃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጋል። በክብደት 23 በመቶ ገደማ ሶዲየም ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ንጹሕ ውሃ በሚረጋበት ብርድ እንኳ ብረቱ እርጥብ ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ሌላው ጨው ደግሞ እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ማሽኑ የደረቀ መስሎ በታየበት ጊዜ እንኳ የብረቱን ገጽ ያረጥባል። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ የዝገቱን ሂደት ያፋጥናል፤ ክሎራይዱም ብረቱን የሚከላከለውን ስስ ሽፋን እየሰበረ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይቆፍራል። ይህ ሁሉ በሙቀት ይፈጥናል። ስለዚህ ማሽኑ ይበልጥ የሚጎዳው ውጭ በረዶ ሲጠርግ ሳይሆን፣ ጨዋማውን በረዶ እንደተሸከመ ሞቅ ወዳለ ቤት ገብቶ በረዶው ቀስ በቀስ ሲቀልጥበት ነው። ከሥራው ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ የጥንቃቄዬን ሥርዓት በሙሉ የመሠረትኩትም በእርሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ጠረጋው እንዳለቀ ማሽኑን ውጭ እያለ አጸዳዋለሁ። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም እጠብቃለሁ፣ የካንዴላውንም ሽቦ እነቅላለሁ። በረዶው ወደ ውጭ በሚተፋበት በመወርወሪያው ቱቦ የተወተፈውን በረዶ የማስወግደው በእንጨት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በተወተፈው በረዶ የታመቀው ኃይል ሲለቀቅ ጥምዙንና ወርዋሪውን (በረዶውን ወደ ቱቦው የሚወረውረውን ተሽከርካሪ ክንፍ) ሊያዞር ስለሚችል እጅ ወደዚያ መግባት ፈጽሞ የለበትም። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዝቅተኛ ግፊት የሣጥኑን ውስጥ፣ የጥምዙን ጀርባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታችኛውን ክፍል አጥባለሁ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ጨዋማውን ውሃ በፓራኦሊዮው (በዘንጉ ዙሪያ ባለው የጎማ ማሸጊያ) አሳልፎ ዘንጉ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ ስለሚያስገባ አልጠቀምበትም፤ ሞተሩና ማርሚታው እንደጋሉም ውሃ አላስነካቸውም። ታጥቦ ሲያበቃ ሽቦውን መልሼ ሞተሩን አስነሥቼ ጥምዙን ለጥቂት ደቂቃ አሽከረክረዋለሁ፤ በየስፌቱ የተደበቀውን ውሃ አራግፎ ያወጣዋል። ብርዱ የሚጸና ከሆነ ግን ውሃው ወርዋሪው ላይ ረግቶ ሊያጣብቀው ስለሚችል ማጠቡን እተወዋለሁ። በእንዲህ ያለው ቀን በረዶውን በብሩሽ ጠርጌ ማሽኑን ሙቀት በሌለው መጠለያ አቆመውና ከዜሮ በላይ የሆነ ቀን ሲመጣ አጥበዋለሁ። በብርድ የሚቆይ ጨው በሙቀት ከሚቀልጥ ጨው ያነሰ ጉዳት ያደርሳልና።

ከዝገቱ ሁሉ የከፋው ከውጭ የማይታየው ነው። ጥምዙ የተሠራበት ቱቦ በመሐል ካለው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በተሰባሪ ፒን ነው፤ ጥምዙ ድንጋይ ወይም የጠጠረ በረዶ ሲመታ ፒኑ ይሰበራል፣ ቱቦው ይቆማል፣ ዘንጉ ግን ለብቻው ይዞራል፤ በዚህም በመሐል ያለው የማርሽ ሣጥን ይድናል። ጨዋማ ውሃ በቱቦውና በዘንጉ መካከል ገብቶ ሁለቱን በዝገት ካጣበቃቸው ግን ፒኑ ቢሰበርም የሚላቀቅ ነገር የለም፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ማርሹ ጥርሶች ይሄዳል። በብዙ ማሽኖች አንደኛው ማርሽ ለስላሳ ከሆነው ከነሐስ የተሠራ በመሆኑ ጥርሱ ይበላል፤ የሣጥኑም መተካት ከማሽኑ ጥገናዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ፒኖቹን አውጥቼ ጥምዙን በእጄ ለማዞር ስሞክር ከዘንጉ ጋር አብሮ ዞረ፤ መጣበቁን ያረጋገጥኩት በዚህ ነው። ይህን ፈተና ማንም ሰው ካንዴላውን ካላቀቀ በኋላ ሊያደርገው ይችላል፤ ፒን የወጣለት ጥምዝ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ በነፃነት መዞር አለበት።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በፒኖቹ ቀዳዳና በቱቦው ጫፎች አፈሰስኩ፣ እንዲሰርግ አሳደርኩት፣ በነጋታው ቱቦውን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። ከዚያ በኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ከመጠምዘዝ ይልቅ ጥቂት ወደፊት ጥቂት ወደኋላ እያልኩ፣ በየመሐሉ ዘይት እየጨመርኩ አነቃነቅኩት። መጀመሪያ የወጣው ደም የመሰለ ቀይ ዘይት ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ደቃቅ ተከተለ፤ በመጨረሻ ቱቦው በድንገት ለቀቀ። ዘንጉን ከነጥምዙ ፈትቼ ካወጣሁ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁትና ውሃ የማያጥበው የጀልባ ግራሶ በሙሉ ርዝመቱ ቀባሁት። ግራሶ መቀበያ ያለው ጥምዝ በግራሶ መግፊያ ፕሬስ ሲሞላ ፒኖቹን አውጥቶ ቱቦውን እያዞሩ መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግራሶው በአንድ ወገን ብቻ ተከማችቶ ሌላው ወገን ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አሁን በበረዶው ወራት መጀመሪያና መጨረሻ ይህን ሳልሠራ አላልፍም። የተሰበረ ፒን ሲተካም ለማሽኑ የተሠራውን እንጂ ጠንካራ ብሎን አላስገባም፤ ጠንካራው ብሎን መሰበር ሲገባው አይሰበርምና።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከመቀባቱ ይልቅ ዝግጅቱ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው። የተላጠውን በሽቦ ብሩሽ አነሣሁ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወደ ብረቱ ወረድኩ፣ ደህና የሆነውን ቀለም ጠርዝ ደግሞ በ120 ቁጥር አለሰለስኩ። በዚህ ደረጃ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን በጥቃቅኑ ጉድጓዶች ውስጥ ጨው ተደብቆ ይቀራል፤ ያ ጨው ከአዲሱ ቀለም ሥር ሆኖ እርጥበት እየሳበ ቀለሙን እንደ ውሃ ቋጠሮ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከፋቅኩት በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቤ ፈጥኜ አደረቅኩት፣ እንደገናም በብሩሽ ፈገፈግኩት። ዝገቱ ሊወጣ ባልቻለባቸው ጉድጓዶች ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን የዝገት መለወጫ ተጠቀምኩ፤ ንጹሕ ብረት በወጣበት ቦታ ግን ዚንክ የበዛበት አንቲራስት ቀባሁ። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ስለሚያድን ከብረቱ ጋር በቀጥታ መነካካት አለበት፤ በለወጥነው ዝገት ላይ ቢቀባ ጥቅሙ ይቀንሳል። የመጨረሻው ቀለም በስለታም ጠርዞች ላይ ስለሚሳሳ ጠርዞቹን በብሩሽ ለብቻቸው ደግሜ ቀባኋቸው።

በረዶው ሁልጊዜ የሚፈገፍገው የጥምዙ ፊትና የመወርወሪያው ቱቦ ውስጥ ቀለም አያቆዩም፤ እዚያ ላይ ቀለም ማባከን አይገባም ባይ ነኝ። ለእነርሱ የሚሻለው በየጊዜው የሚታደስ ቅባት ነው። ውሃ ለማስለቀቅ የሚረጩ ስስ ቅባቶች ቶሎ ስለሚጠፉ፣ ከበግ ጠጉር ስብ የሚሠራውንና ወፈር ብሎ የሚቆየውን ቅባት መርጫለሁ። ለመወርወሪያው ቱቦ ውስጥ ሰም ወይም ሲሊኮን ይበቃል፤ እርጥብ በረዶ እንዳይጣበቅበትም ያግዛል። ቅባት በሚረጭበት ጊዜ ቺንጋዎቹንና ማሽኑን የሚነዳውን የጎማ ዲስክ በጨርቅ መሸፈን ግድ ነው፤ እነርሱ የሚሠሩት በሰበቃ ስለሆነ ዘይት ከነካቸው ይንሸራተታሉ።

ጎማዎቹንም ነቅዬ የቸርኬውን መሐልና አክስሉን ግራሶ ቀባሁ፤ ካልተቀቡ ጊዜ ሲያልፍ ተጣብቀው አይወጡም። የዛጉትን ብሎኖች በአዲስ ተክቼ ጥርሳቸውን ቀባሁ፤ የመቆጣጠሪያ ካቦዎቹንም ዘይት አጠጣኋቸው። በረዶው ባለፈባቸው ወራት ማሽኑ የሚያርፈው በእንጨት ጣውላ ላይ ነው፤ ከሲሚንቶው ወለል የሚወጣው እርጥበት አይደርስበትም፤ የጨውና የማዳበሪያ ከረጢትም በአጠገቡ አይቀመጥም። የማለብሰውም አየር የሚያስገባ ሸራ ነው፤ ላስቲክ ከሥሩ የሚጠራቀመውን እርጥበት መውጫ ስለሚነሣው አልጠቀምበትም።