አሮጌና አዲስ ዘፈን በአንድ ፍላሽ፦ በቅኝት ሲደረደር

አዳማ ላይ ፍላሽ ይዞ ዘፈን የሚያስጭን ሰው ትእዛዙ የታወቀ ነው፦ የድሮው ለብቻ፣ የዘንድሮው ለብቻ፣ ኦሮምኛው ለብቻ፣ የውጩም ለብቻ። ከዚያ ባለቤቱ አንዱን ፎልደር ሲያዞር ይከርማል፤ የቀሩት አይከፈቱም። የምንወደውን የቆየ ዘፈንና ገና ያገኘነውን አንድ ላይ ለሰው ማካፈል ካሰብን፣ ከዘመኑና ከቋንቋው ይልቅ በቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው በተሠራባቸው ድምፆች ስብስብ፣ መደርደር ይሻላል። ቅኝቱ ካልተቀየረ ጆሮ ከማሲንቆ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከወሎ ወደ ማሊ በረሃ ሲሻገር አይደናገርም። አዲሱን ዘፈን የሚያስወድደው ከፊቱ የተሰማው ነው።

ስለዚህ ሥራው ቅኝቱን ከመለየት ይጀምራል። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ከዶ ከተነሣን ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ግማሽ ትዝታ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ማይነሩ ሚንና ሲን ፍላት ያደርጋል፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ያወርዳል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ።

ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ጫኑ፤ ነፃዎቹ ይበቃሉ። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጋችሁ ያዙ፤ መነሻው እሱ ነው። ቀጥሎ ከመነሻው በላይ የሚረግጠውን የመጀመሪያ ድምፅ አዳምጡ። ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ካለ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ነው፤ ሁለቱን ሶል ይለያቸዋል፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ አምባሰል፣ በግማሽ ከወረደ አንቺሆዬ። ሙሉ ድምፅ ከፍ ካለ ትዝታ ነው፤ ሙሉ ይሁን ግማሽ ሚው ይነግራችኋል። ሬን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሚ ከወጣ ባቲ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መነሻው ላይ ነው። የዶን ሙሉ ትዝታ ከላ ጀምራችሁ ብትቆጥሩት ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የላ ባቲ ማይነር ነው። ግማሽ ትዝታንም ከሶል ስትጀምሩት አምባሰል ሆኖ ይወጣል። አምስቱን ድምፅ ማግኘት ብቻውን ስለማይበቃ ማረፊያውን ሁለትና ሦስት ስንኝ ላይ አረጋግጡ። በባንድ በተሠራ ዘፈን ላይ ደግሞ የአቀናባሪው ኮርድ ከቅኝቱ የወጣ ድምፅ ሊጨምር ይችላል፤ ድምፃዊውን እንጂ ኪቦርዱን አትከተሉ። ርዕሱም ሙሉ መልስ አይሰጥም፤ «ትዝታ» ተብሎ የተዘፈነው አንዱ በሙሉ፣ ሌላው በግማሽ ቅኝት ነው።

አሁን ወደ ድልድዮቹ። ባቲ ማይነር ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም፤ አምስቱ ድምፆች ብሉዝ የሚጠቀምበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው፣ ራሳቸው ናቸው። ከአንድ የወሎ ባቲ ቀጥሎ የማሊውን ዓሊ ፋርካ ቱሬን አስገቡ፤ ከራይ ኩደር ጋር የሠራው የ1994 እ.ኤ.አ. አልበም ጥሩ መግቢያ ነው። አንዲትን አጭር ሐረግ በአንድ ክር ላይ ደጋግሞ እየመታ ድምፁ ሲመልስላት ስትሰሙ የክራር አመታቱ ወዲያው ይመጣላችኋል። ከእሱ ወደ ማሊ በረሃው ባንድ ወደ ቲናሪዌን፣ ከቲናሪዌን ወደ አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ ወደ ጆን ሊ ሁከር መሄድ ቀላል ነው፤ ከሁከር ወደ ባቲ መመለስም እንዲሁ። ብሉዝ አልወድም የሚል ሰው በዚህ መንገድ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዋል።

ሙሉ ትዝታ ከሱዳን ጋር ይሄዳል። የሱዳን ዘፈን አምስት ድምፅ ነው፤ መሐመድ ወርዲም ለኢትዮጵያ ጆሮ ባዳ ሆኖ አያውቅም። ግማሽ ትዝታ የሚያደርሰው ግን ብዙ ሰው ወደማይጠብቀው ወደ ጃፓን ነው። ኤንካ የሚባለው የጃፓን ዘፈን የሚጠቀምበት የማይነር ስኬል ከግማሽ ትዝታ ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። የኤንካ ዘፋኟን ሚሶራ ሂባሪን በግማሽ ቅኝት ከተዘፈነ የቆየ ትዝታ ቀጥላችሁ ሞክሩት፤ የድምፅ ማርገብገቡ ሳይቀር ይቀራረባል። አምባሰል ሲነሣ ማሪቱ ለገሠ ትቀድማለች፤ ከእሷ በኋላ በኮቶ፣ በጃፓኑ የክር መሣሪያ፣ የተመታ «ሳኩራ ሳኩራ» አስገቡ። ያ የቆየ የሕዝብ ዜማ ከሚ ተነሥቶ ሲቆጠር ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው፤ ይህም ከሚ የተነሣ አምባሰል ማለት ነው። አንቺሆዬ ግን ጓደኛ የለውም። የወረደው ሶሉ ከሌላ አገር ዘፈን ጋር ያጋጨዋልና ባህላዊውን አንቺሆዬ በባንድ ከተቀነባበረው ጋር አያይዛችሁ ለብቻቸው ተዉአቸው።

ኦሮምኛውን በተለየ ፎልደር ማሰር በተለይ እዚህ ከተማ የሚያስቆጭ ነገር ነው። ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው፤ ጊታሩና ዑዱም ከሱዳንና ከማሊ ጊታር ጎን ያለ ምንም ማስተዋወቂያ ይቆማሉ። ቅኝቱን በዚያው ዘዴ ለዩና ቦታው ላይ አስገቡት።

ቅኝቱ ተስማምቶም ምቱ ሊጋጭ ይችላል። ቺክቺካ የሚባለው የባህል ምት ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሬጌው፣ ሂፕሆፑና እንደ ሮፍናን «ነጸብራቅ» ያለው ኤሌክትሮኒክ ሥራ በአብዛኛው አራት አራተኛ ነው። ሁለቱን አደባልቃችሁ ብታሻግሩ ከበሮዎቹ ይረጋገጣሉ፤ የሁለት ሰከንድ ዝምታ ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው ከበሮ የሌለው አንድ ሥራ በመካከል ማስገባት ነው፦ የብቻ ክራር፣ የብቻ ማሲንቆ፣ ወይም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ። በገናን ግን ለዚህ አታውሉት። የጸሎት ዜማ ነው፤ በሁለት ጭፈራ መካከል መሙያ ሲሆን ለሚያከብረው ሰው ይከብዳል።

ከቆዩት ሥራዎች እንደገና የታተመ ካለ መጀመሪያ እሱን ግዙ። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» በካሴት የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2013 እ.ኤ.አ. ድምፁ ተጣርቶ በድጋሚ ታትሟል፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኤሬ መላ መላ»፣ የዋልያስ ባንድ «ጨበለው» እና የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞችም በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። እነዚህን ከቤት ካሴት መገልበጥ ድካም ነው፤ ባለመብቶቹንም ይጎዳል። በሽያጭ ላይ ያለውን በሊንክ አካፍሉ፤ ጉልበታችሁን ካሴት ላይ ብቻ ለቀረው አውሉት።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከማጫወታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በቢክ እስክሪብቶ በእጅ አዙሩ። አዳማ ነፋሷና አቧራዋ የታወቀ ነው፤ ቴፑ ውስጥ የገባው አቧራ ከክሩ ዝገት ጋር ተቀላቅሎ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ላይ ቡናማ ሽፋን ይሠራል፣ ድምፁም ታፍኖ ይወጣል። ሄዱንና ክሩን የሚስበውን ቀጭን ብረት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በጥጥ አጽዱ። ባለ 70 በመቶው ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ አለባችሁ። ጥቁሩን ጎማ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፤ አልኮል ሲደጋገምበት ጎማው ይደርቃል፣ የደረቀ ጎማ ደግሞ ክር ይበላል። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ በብሎን የታሰረ የማይፈለግ ካሴት ፈትታችሁ የእሱን አዛውሩ።

ከሄዱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ብሎን የሄዱን ዘንበል ታስተካክላለች። ብዙ ካሴት በተለያየ ማሽን የተባዛ ስለሆነ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። ዘፈኑ እየሄደ ብሎኗን በጣም በትንሹ፣ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ሳታሳልፉ፣ ወዲህና ወዲያ አዙሩ፤ ሲምባሉና የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ላይ አቁሙ። ይህን ያላስተካከለ ሰው በኋላ በኮምፒውተር ትሬብል ሲጨምር የሚያገኘው የክሩን «ሽሽ» የሚል ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ከቴፑ ወደ ላፕቶፕ ስታገናኙ በማይክ መግቢያው አትግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ያፈነዳዋል። ላይን መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ተጠቀሙ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ 44,100 ኸርዝና 24 ቢት ምረጡ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ። የ60 ደቂቃ ካሴት በዚህ ጥራት ወደ 950 ሜጋባይት ይይዛል፤ ቦታ አዘጋጁ። ሹክሹክታውን ለመቀነስ ከዘፈኑ በፊት ካለው ባዶ ክር ሁለት ሰከንድ ያህል ናሙና ወስዳችሁ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ብቻ ቀንሱ። ከ12 ካለፋችሁ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል፤ ማሲንቆ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳል፤ የጭራው ፍትጊያ ከሹክሹክታው ጋር ስለሚመሳሰል አብሮ ይጠፋል።

ቅኝት ፈላጊውን በጣም የሚያስቸግረው የቴፑ ፍጥነት ነው። ማዞሪያ ላስቲኩ የላላ ወይም ባትሪው የደከመ ቴፕ ይዘገያል፤ ሞተሩ የተነካካ ደግሞ ይፈጥናል። 6 በመቶ ያህል የፍጥነት ልዩነት ግማሽ ድምፅ ነው፤ 3 በመቶ ከሆነ ዘፈኑ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቅና ፒያኖው ላይ አይገኝም። በኪቦርድ የታጀበ የሰማንያዎቹ ካሴት ካላችሁ መፍትሔ አለ። ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ላን በ440 ኸርዝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክራርና ማሲንቆ ግን እንደ ዘፋኙ ስለሚቃኙ ለዚህ አያገለግሉም። ኪቦርዱ ብቻውን የሚጫወትበትን ቦታ ፈልጉና የጊታር መቃኛ መተግበሪያ ክፈቱ። መቃኛው በተከታታይ ድምፆች ላይ 35 ሳንቲም (ሴንት፤ የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍ ብሏል ካለ ፍጥነቱን በ2 በመቶ ቀንሱ። ፍጥነትና ቃናን አብሮ የሚቀይረውን ምረጡ፤ ቴምፖን ብቻ የሚቀይረው ቃናውን እንዳለ ይተወዋል። መቃኛው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ችግሩ ላስቲኩ ነው፤ ቀይራችሁ እንደገና ቅዱ።

ሁሉም ዘፈን ከተዘጋጀ በኋላ የድምፅ መጠኑን አስተካክሉ። የዘንድሮ ሥራ ሲቀዳ ተጨምቆ ስለሚወጣ ከካሴቱ አጠገብ ይጮኻል፤ አድማጩ የቆየውን የሚዘልለው በዚህ ምክንያት ነው። ኦዳሲቲ ላይ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ −16 ሉፍስ (ጆሮ የሚሰማው የጩኸት መለኪያ) አምጡ። አዲሱ ይወርዳል፣ አሮጌው በመጠኑ ይወጣል። የቆየውን ወደ አዲሱ ጩኸት ለመጎተት ከሞከራችሁ ከበሮው ጫፉ ይቆረጣል። ውጤቱን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ አትመኑ፤ ባጃጅ ውስጥ ባለች ትንሽ ስፒከርም ሞክሩት። እዚያ ቤዙ ይጠፋል፤ የዘፋኙ ቃል ከተሰማ ሥራው ጥሩ ነው።

ኤምፒስሪ በ320 ኪሎቢት በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ነው፤ የአንድ ሰዓት ድርድር 144 ሜጋባይት ይሆናል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ ስልክን ስፒከር አጠገብ ይዞ በድምፅ መልእክት መላክ እስካሁን የደከማችሁበትን ሁሉ ያጠፋል። ፋይሉ ላይ የዘፋኙን፣ የባንዱንና የዘፈኑን ስም ጻፉ፤ ዓመቱን ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አትተዉት። «ሸሞንሟናዬ» በእኛ አቆጣጠር 1977 ገደማ ነው፤ «ጨበለው» ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ። ምልክቱ ከሌለ ሁለቱ የአንድ ዓመት ሥራ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ።

ለመኪና የሚሆነውን ፍላሽ በፋት 32 ፎርማት አድርጉ። የቆየ የመኪና ቴፕ የግዕዝ ፊደልን ሳጥን አድርጎ ስለሚያሳይ የፋይሉን ስም በ01፣ 02፣ 03 ጀምሩ። ብዙዎቹ ቴፖች ስሙን ሳይሆን የተገለበጠበትን ቅደም ተከተል ነው የሚከተሉት፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትጎትቱ፣ በቁጥራቸው አንድ በአንድ ገልብጡ። ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ በፈጣኑ መንገድ ለሚሄድ ሰው ከ10 እስከ 12 ዘፈን ይበቃል፦ ሁለት ቅኝት፣ በመካከላቸው አንድ ከበሮ የሌለው ሥራ።