ሻጋታዬን አጥግቤው ነበር

ስድስት ብልቃጥ። በስድስቱም ውስጥ ፔኒሲሊን የሚሠራው ሻጋታ እንደ ገንፎ ወፍሯል። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁና ለታናሽ እህቴ ላክሁላት፤ «ያንቺ መርፌ እዚህ ውስጥ ነው» ብዬ። እህቴ በልብ ሕመሟ ምክንያት በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ትወጋለች። የማስተርስ ጥናቴን ርዕስ የመረጥኩትም በእሷ ሰበብ ነው።

በማግስቱ ከየብልቃጡ ፈሳሽ ቀዳሁ። ባክቴሪያ የዘራሁበት፣ አጋር የሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሬ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ፔኒሲሊን ካለ በጉድጓዱ ዙሪያ ባክቴሪያው አያድግም፤ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ጠዋት ስከፍተው ምንም! ባክቴሪያው እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ተንደላቆ አድሯል።

የቤተ ሙከራችን አንጋፋ ቴክኒሻን ደብተሬን ተቀበሉኝ። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። አገላበጡት። በሊትር 40 ግራም ግሉኮስ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንዳይራብብኝ ብዬ ጨምሬለታለሁ። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ አጥግበሽዋል እኮ! የጠገበ ሻጋታ ምን በወጣው ነው ፔኒሲሊን የሚሠራልሽ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የጠገበ ሻጋታ ፔኒሲሊን እንደማይሠራ ሰዎች የደረሱበት ገና ስለ ጂኖቹ፣ ማለትም በዘር ስለሚወረሱት የሥራ መመሪያዎቹ፣ ሳያውቁ ነው። በፈረንጆቹ 1941፣ ሐምሌ ላይ፣ የፔኒሲሊን ተመራማሪዎቹ ሃዋርድ ፍሎሪና ኖርማን ሂትሊ ከኦክስፎርድ ተነስተው ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ የምትባል ከተማ ሄዱ። እዚያ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ነበር። ሂትሊ እዚያው ቀርቶ ከቤተ ሙከራው ተመራማሪ ከአንድሪው ሞየር ጋር ይሠራ ጀመር። ሞየር የሻጋታውን ምግብ ቀየረ። የስታርች ፋብሪካዎች በቆሎ ሲዘፈዝፉ የሚተርፋቸውን ወፍራም ውሃ ጨመረበት። አካባቢው የበቆሎ አገር ስለሆነ እሱ እንደ ልብ ነው። በቀድሞው ስኳር ፋንታ ደግሞ የወተት ስኳር፣ ላክቶስ ሰጠው። ምርቱ ብዙ እጥፍ ጨመረ። በነገራችን ላይ፣ የእህቴ መርፌ የሚዘጋጅበት ፔኒሲሊን ጂ በብዛት መመረት የጀመረው በዚያ የበቆሎ ውሃ ነው። የሞለኪውሉን ጭራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ውሃው ውስጥ አለ።

ላክቶስ ምን የተለየ ነገር አለው? ሻጋታው ግሉኮስን እንዳገኘ ይውጠዋል። ላክቶስን ግን መጀመሪያ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ስኳሩ የሚደርሰው በጠብታ ነው። አይሞትም፣ አይጠግብም። ዛሬ ፋብሪካዎች ራሱን ግሉኮስን በጠብታ እየመገቡ ያንኑ ውጤት ያገኛሉ።

የጂኑ ታሪክ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ፔኒሲሊን የሚሠሩት ዋናዎቹ ጂኖች ሦስት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ሦስት አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን መገንቢያዎችን) የሚያያይዝ ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ ያስገኛል። የሁለተኛው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ያጥፈዋል፣ የሦስተኛው ጭራውን ይቀይራል። ክሬኤ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ አለ። ግሉኮስ ሲትረፈረፍ ይሄ ፕሮቲን የመጀመሪያው ጂን ደጃፍ ላይ ይለጠፍና ጂኑ እንዳይነበብ ያግዳል። ግሉኮሱ ሲመናመን ይለቃል። እኔ በሦስተኛው ቀን ስኳር የጨመርኩት እንግዲህ ሊለቅ ሲል ነው!

ስኳር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሞኒያ ሲበዛም ጂኖቹ ይዳከማሉ። አስፐርጂለስ ኒዱላንስ በሚባለው፣ እሱም ፔኒሲሊን በሚሠራው ዘመዱ ላይ ደግሞ የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ለውጥ ያመጣል። ፒኤቹ ከፍ ሲል፣ ማለትም አሲዱ ሲቀንስ፣ ፓክሲ የሚባል ፕሮቲን ተቆርጦ ያጥራል፤ ያጠረው ቁራጭ ነው የፔኒሲሊኑን ጂን የሚያስነሳው። ተቆርጦ ሥራ የሚጀምር ፕሮቲን!

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ፔኒሲሊን ከሚሠራባቸው ከሦስቱ አሚኖ አሲዶች አንዱ ሻጋታው ላይሲን ለመሥራት በሚሄድበት መንገድ መሃል ላይ የሚገኝ ነው። ብዙ ላይሲን ከሰጠኸው «ምን አደከመኝ» ይልና መንገዱን ከመነሻው ይዘጋዋል። ያኔ ፔኒሲሊኑም ጥሬ ዕቃ ያጣል። ጂን መዝጋት እንኳ አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ከጎረቤት ክፍል ለምኜ ባመጣሁት ላክቶስ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ መነቅነቂያው ቆመብኝ፤ ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚያ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ምንም አልጨመርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሙከራው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሻጋታው ከሳ፣ ቀለሙም ገረጣ። በየጠዋቱ እያየሁት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ጋሼ ግን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው «አሁን ሰው መሰለ» አሉኝ።

በስድስተኛው ቀን ፈሳሹን ፈተንኩት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ቀለበቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማስመሪያ ለካሁት፣ 21 ሚሊሜትር። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ያንንም ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት።

መልሷ ወዲያው መጣ። «ጎበዝ። አሁን ደግሞ የማያመውን ሥሪ።»