ለኮረኮንቹ ክፉ ቦታ የተዘጋጀ ብስክሌት

ተራራ ላይ ዳገቱ አንዴ ይጀምራል፣ አንዴ ያልቃል። የተራራ ግርጌ ግን ሌላ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ዳገት፣ ሁለት መቶ ሜትር ቁልቁለት፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ካርታው ላይ ከፍታው ቀላል ይመስላል፤ ሲደመር ግን በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1000 ሜትር መውጣት ብርቅ አይደለም። መንገዱም በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ ሁሉንም የሚመጥን አንድ ልክ የለም። ስለዚህ ብስክሌቱን የሚያስተካክል ሰው ልኩን ከከፋው አምስት ኪሎ ሜትር ይውሰድ። በቀናው መንገድ ላይ ጥቂት ፍጥነት ያጣል፤ በክፉው ላይ ግን ወርዶ ከመግፋት ይድናል።

መጀመሪያ ድንጋዩን እንይ። ጎርፍ ከተራራው የሚያወርደውን ድንጋይ በመጠን እየለየ ነው የሚጥለው። ትልልቁና ማዕዘኑ ያልተሰበረው ከተራራው ሥር ይቀራል፤ ትንንሹ እየተንከባለለና ማዕዘኑ እየተሞረደ ሜዳ ይደርሳል። ወደ ተራራው በቀረባችሁ ቁጥር ስለታም ድንጋይ ይበዛል ማለት ነው። ስለቱ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎማውን ጎን እንጂ መሬት የሚነካውን ወፍራም ክፍል አይደለም። ጎማ ስትመርጡ ከጥርሱ በፊት ጎኑን በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ፈትሹ፤ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ40 ባይወርድ። ፍሬሙ 50 ከያዘ ደግሞ እሰየው። ግን በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይቅር። ያ ክፍተት ከሌለ የመጀመሪያው ጭቃ ጎማውን ቆልፎ ያቆመዋል፤ በጭቃው ውስጥ የተጣበቀው ጠጠርም የፍሬሙን ቀለም፣ ቀጥሎም ፍሬሙን ራሱን ይሞርደዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጎማው አየር ላይ ነው። ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ይነፋና ብስክሌቱ ከጠጠር ጠጠር እየዘለለ መሬት አልይዝ ይለዋል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 45 ሚሊ ሜትር ቱብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ጎማ ላይ ከፊት 28፣ ከኋላ 31 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ በሁለቱም ላይ ከ5 እስከ 8 ጨምሩ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ከመነሻው ተነስታችሁ በአንድ ጊዜ አንድ አንድ ፒኤስአይ ቀንሱ። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዴ ከሰማችሁት ድንበሩ ላይ ናችሁ፤ ሁለት ፒኤስአይ መልሱና እዚያ ተዉት። ጠዋት በብርድ የተለካ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ 1000 ሜትር ከፍታ ስትወጡም ጭማሪው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሁለቱ ሲደመሩ ግን ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

የቱብለስ ማሸጊያ ፈሳሽ ለዚህ ስፋት በአንድ ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በደረቅና ሞቃት አየር በሁለት በሦስት ወር ይደርቃል። ጎማውን ከነቸርኬው አውልቃችሁ ስታራግፉት ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ካልሰማችሁ ባዶ ነው። የቫልቮውን ነት (ዳዶ) ቤት ሳላችሁ በእጅ እንዲፈታ አድርጋችሁ እሰሩት። መንገድ ላይ ከመነዳሪ ማስገባት ሲያስፈልግ የማይፈታ ነት የሚያመጣው ብስጭት ሌላ ነው።

ወደ ማርሽ እንምጣ፤ እዚህ ቁጥር ይረዳናል። ከፊት 40፣ ከኋላ ትልቁ 42 ጥርስ ያለው ብስክሌት በዚህ ጎማ አንድ ዙር ሲረገጥ 2.1 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ዙር ስትረግጡ በሰዓት 7.7 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ 90 ኪሎ ከሆኑ በ12 በመቶ ኮረኮንች ዳገት ላይ ይህ 245 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ለአንድ ደቂቃ ይቻላል፤ ለሃያ ደቂቃ ግን ለብዙ ሰው አይቻልም። የፊቱን ወደ 34፣ የኋላውን ወደ 46 ስትቀይሩት በዚያው አረጋገጥ ወደ 190 ዋት ይወርዳል። «ቀላል ማርሽ የደካማ ነው» የሚሉ አሉ፤ እነሱን ዳገቱ መካከል ቆመው ሲያለከልኩ ታገኟቸዋላችሁ።

ማርሽ ስትቀይሩ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚችለው የጥርስ ልክ አለው፤ ለ34 የተሠራ 46 አይሸከምም። ሁለተኛው ሰንሰለቱ ነው። የኋላው ትልቁ ጥርስ ሲጨምር ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ባጠረ ሰንሰለት ከፊት ትልቁ ላይ ሆናችሁ ወደ ኋላው ትልቁ ብትቀይሩ መቀየሪያውን ገንጥሎ ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብስክሌቱን አንጠልጥላችሁ በእጅ እያዞራችሁ ሞክሩት።

ልቅ ጠጠር ያለበት ዳገት ላይ ከኮርቻ መነሳት ጉልበት ይጨምራል፣ ግን ከኋላ ጎማ ላይ ክብደት ያነሳና ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ወደ ኮርቻው አፍንጫ ተጠግቶ፣ ክርን አጥፎ፣ ደረትን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ መርገጥ ነው ያለው። መኪና የረገጠው ፈለግ ጠንካራ ነው፤ መሃሉ ላይ የተከመረው ጠጠር ግን ይበተናል። መታጠፊያ ላይ የውስጡ ጠርዝ ከውጭው ይበልጥ ዳገቱ ስለሚከብድ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይታችሁ በውጭው ዙሩ። ዳገት መሃል ከቆማችሁ ብስክሌቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ለመነሳት መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ በመንገዱ አግድም አዙሩት፣ ፍሬን ያዙ፣ አንዱን ፔዳል ከላይ ትንሽ አለፍ አድርጉና ረግጣችሁ ፍሬኑን ልቀቁ።

ቁልቁለቱ ላይ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። 90 ኪሎ 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በዝግታ ከተወረደ፣ አብዛኛው ፍሬን ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች በስሱ ይዞ የሚወርድ ሰው ዲስኩን (ፍሬኑ የሚጨብጠውን ክብ ብረት) ፋታ አይሰጠውም። ቀጥ ባለው ላይ ለቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ እንደገና መልቀቅ ይሻላል። የፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው እየቀረበ ከመጣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከሸተተ ቁሙና ይቀዝቅዝ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይጣመማል። ከብረት ብናኝ የተሠራ የፍሬን ሸራ በአቧራና በዝናብ ከሬዚኑ (በሙጫ ከተያያዘው ሸራ) የበለጠ ይቆያል። ሲቀዘቅዝ ግን አያያዙ ይዘገያል፣ ይጮሃልም፤ አንዳንድ ዲስክ ደግሞ ለሬዚን ብቻ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ጠንካራ መሬት ላይ ልቅ ጠጠር ሲበተን ሲሚንቶ ላይ ብይ እንደ መርገጥ ነው። እዚህ መታጠፊያ ውስጥ የፊት ፍሬን መንካት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ፍጥነቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የውጭውን ፔዳል ወደ ታች፣ ክብደታችሁን እሱ ላይ፤ ብስክሌቱን ከሥራችሁ አጋድሉት፣ እናንተ ግን ቀጥ በሉ። የኋላው ቢንሸራተት አትደንግጡ፣ ራሱ ይመለሳል። የፊቱ ከሸሸ ግን ፍሬን ከያዛችሁ ወዲያው ልቀቁ፣ መሪውንም አትጨምሩበት። ጎርፍ ለመቀልበስ በመንገዱ ላይ በሰያፍ የተቆፈረውን ቦይ ደግሞ በሰያፍ አትግቡበት፤ ጎማው ቦዩን ተከትሎ ይሄድና ይጥላችኋል። ቀጥ ብላችሁ ቁረጡት፤ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ መንገድ ላይ ግን መሪውን ላላ አድርጎ ከኮርቻ ትንሽ መነሳት ይበቃል።

ከጓዙ ውስጥ የማይቀሩት ሁለት ከመነዳሪ፣ የጎማ መሰኪያ፣ ፖምፓ፣ ለሰንሰለቱ ልክ የሆነ መጋጠሚያ፣ ከአሮጌ ጎማ ጎን የተቆረጠ 5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭና የማርሽ መቀየሪያው ማንጠልጠያ ናቸው። ይህች ማንጠልጠያ ብስክሌቱ በቀኝ ሲወድቅ ቀድማ እንድትጣመም የተሠራች ለስላሳ አሉሚኒየም ናት፤ በየፍሬሙ ዓይነት ስለምትለይ ከሌላ ሰው አትበደሩትም። ከወደቃችሁ በኋላ ከኋላ ቆማችሁ እዩ፦ የመቀየሪያው ሁለት ትንንሽ ባለጥርስ ክቦች ከላያቸው ካለው ባለጥርስ ክብ ጋር በአንድ መስመር ካልሆኑ ማንጠልጠያዋ ተጣማለች። እንደዚያ ሆኖ ወደ ትልቁ ጥርስ ብትቀይሩ መቀየሪያው ቸርኬው ሽቦ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መካከለኛው ማርሽ ላይ ሆናችሁ ተመለሱ።

መሰኪያ ያልያዘው ሰፊ ስንጥቅ ሲሆን ቁራጩን ከውስጥ አድርጋችሁ ከመነዳሪ አስገቡ። ከዚያ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በሙሉ በጣታችሁ በቀስታ ዳብሱ። ፈሳሹ ለወራት ዝም ያሰኛቸው እሾሆች እዚያው ተሰክተው ይጠብቃሉ፤ አዲሱን ከመነዳሪ ገና መቶ ሜትር ሳይሄድ ይበሱታል።