ኦይለር ተሳስቷል ያልኩበት ቀን

በድሬዳዋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ለሒሳብ ክበባችን ያቀድኩት፣ ሠላሳ አንድ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2147483647 ፕራይም ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ) መሆኑን፣ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 እንዳሳወቀው፣ ተማሪዎቼ በገዛ እጃቸው እንዲያረጋግጡ ነበር።

መማሪያ መጻሕፍት ቁጥሩን እስከ ዳግም ዘሩ ባሉት ፕራይሞች ሁሉ አካፍሉ ይላሉ። እዚህ ዳግም ዘሩ ከ46340 ስለሚያልፍ ምክሩ ከአራት ሺህ በላይ ማካፈል ያስከትላልና አልተቀበልኩትም። የመረጥኩት የሉካስና የሌመርን ፈተና ነው፦ ከ4 ተነስቶ በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፤ ይህ ተደጋግሞ የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ሰባት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ለሚገኘው 127 በሰሌዳ ሠራነው፤ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ በመጨረሻም 0 መጣ። ለትልቁ ቁጥር ይኸው እርምጃ 29 ጊዜ ይደገማል።

ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመጫን የኮምፒዩተር ክፍሉን ኃላፊ ብጠይቃቸው ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ ባመጣላቸው ማኅተም የለውም አሉ፤ ማኅተም ያዡ ደግሞ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ከቢሯቸው የሚገኙ ሰው አልነበሩም። «ባለው አይሠራም ወይ?» ሲሉኝ መከራከር ሰልችቶኝ፣ እዚያው በተጫነው የሰንጠረዥ ፕሮግራም ሠራሁት። የመጨረሻው ቀሪ 0 አልሆነም። ልጠራጠር ሲገባኝ ኮራሁ፤ በማግስቱ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ፊት ቆሜ «ኦይለር ተሳስቷል» አልኩ።

ከኋላ የተቀመጠች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በ4 የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ሲባዛ በ6 ያልቃል፤ 2 ሲቀነስ በ4። ይኼኛው እንዴት በዜሮ አለቀ?» አለችኝ። አራተኛው እርምጃ 1416317954 ነው፤ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 2005956546822746114 መሆን ነበረበት። ሰንጠረዡ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ በመሆኑ የመጨረሻዎቹን አራቱን ዜሮ አድርጎ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ቀጥሏል። ያን ዜሮ ማታውን ሙሉ ሳየው ነው ያደርኩት፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የዳንነው በኦይለር መንገድ ነው። የዚህ ቁጥር አካፋይ ቢኖር፣ ፕራይም የሆነው ሁሉ በ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት፤ እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ ያሉት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች 373 ብቻ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ደረሰው። ባለስምንት አሃዝ ካልኩሌተር ቁጥሩን ስለማይችለው፣ ስልክ ክፍል አይገባም የሚለውን መመሪያ ለሁለት ቀን እንዳላየሁ አለፍኩት፤ አሁንም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የደረሰኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፓይተን ሃያ ዘጠኙን እርምጃ በቅጽበት ጨርሶ 0 አወጣ። ኃላፊውን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ታዲያ ያው አይደል እንዴ?» አሉኝ።