ቡቺ ጥርሷን መቦረሽ እንዴት ለመደች

የውሻዬ የቡቺ አፍ መሽተት ጀመረ። ጠጋ ስትለኝ አላስቀርብ አለኝ። አራት ኪሎ ከሚገኘው ግቢያችን ይዣት ወጣሁና እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት።

ሐኪሙ የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ከኋላ ያለውን ትልቁን ጥርስ አሳየኝ። ድዱ ሥር ቡናማ ነገር ተጣብቆበታል። የምራቅ መውጫው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ቆሻሻው ቶሎ የሚጠነክረው እዚያ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። አንዴ ከጠነከረ ብሩሽ አያነሳውም፤ ሐኪም በማደንዘዣ ነው የሚያጸዳው። የቡቺ ገና ጥቂት ነበር፣ ድዷም አልቆሰለም። የውሻችሁ ድድ ከታመመ ግን መጀመሪያ አሳክሙት። የሚያም ድድ ላይ ብሩሽ ካሳረፋችሁ በሌላ ቀን ብሩሹን ገና ሲያይ ይሸሻችኋል።

የእኛን የጥርስ ሳሙና አትጠቀሙ። ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ፍሎራይዱ ሆዱን ይረብሸዋል፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ካለበት ደግሞ ሊገድለው ይችላል። እኔ ለውሻ የተሠራውን እንደልብ ስለማላገኝ የሥጋ መረቅ ያዝኩ። ጨው የለው፣ ሽንኩርት የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ማታ ማታ፣ ሮጣ ሮጣ ሲደክማት፣ በረንዳው ላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጣቴን መረቅ ነክሬ አስልሳታለሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያ እየላሰች ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ወዲያው እለቃለሁ፤ "ጎበዝ!" ብዬ ቁራሽ ሥጋ። ቀጥሎ ጣቴ ላይ ጎዝ ጠቅልዬ ጥርሷን ማሸት። መጨረሻ ላይ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ። እሱንም በመጀመሪያ አሽትታው፣ መረቁን ልሳበት ነው። አፏን በግድ ከፍቼ አላውቅም። ጥርሶቹ ተገጥመውም ይቦረሻሉ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት መቼ እንደማቆም ነው። ቡቺ ሳትቆጣ በፊት ምልክት ትሰጣለች። መረቅ ሳይነካው አፍንጫዋን ትልሳለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች። ከዚያ ፊቷን ታዞራለች፣ ዓይኗ ግን እጄ ላይ ነው፤ ነጩ በጠርዙ በኩል ይታያል። እኔ አፍንጫዋን ስትልስ ነው የማቆመው፤ ፊቷን እስክታዞር አልጠብቅም። እንዲህ ሳደርግላት በማግስቱ ትንሽ ጨመር አድርጋ ትፈቅድልኛለች። ክረምት ላይ ነጎድጓድ አስደንግጧት ብሩሹንም መሸሽ ጀምራ ነበር። ወደ ጣትና መረቅ ተመለስን፣ ቀስ በቀስ መጣች።

ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን ቆመው አዩን። "ልጄ፣ መፋቂያ ብትሰጫት አይሻልም?" አሉኝ። አይ እማማ፣ ትሰብረዋለች፣ ስንጥሩ ድዷን ይወጋታል አልኳቸው። አጥንትም ያው ነው። ጥርስ ያጸዳል ሲባል እሰማለሁ፤ ግን ጠንካራ አጥንት ጥርስ ይሰነጥቃል፣ የተቀቀለው ደግሞ ተሰባብሮ አንጀት ሊወጋ ይችላል።

ሁዳዴ ሲገባ ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ዘጉ፤ መረቁም ቀረ። ብሩሹን ውሃ ብቻ ነክሬ ሞከርኩ። ቆማ አስቦረሸችኝ! ቆሻሻውን የሚያነሳው ፍትጊያው ስለሆነ በውሃም ይሠራል። ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

አሁን በየማታው ብሩሹን ወደ ድዷ ዘመም አድርጌ በትንንሹ አሽከረክራለሁ። የውጪውን ብቻ ነው፤ የውስጡን ምላሷ በአብዛኛው ይሠራዋል። የፊት ጥርሶች ላይ ብዙ አልቆይም፣ ጊዜዬን የምሰጠው ለላይኞቹ መንጋጋዎች ነው። ብሩሹ ላይ ደም ካየሁ ወይም ሽታው ከተመለሰ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን። በግራ በኩል ያለውን የመጨረሻውን መንጋጋ ገና አላስነካችኝም። እሱን ሰሞኑን በጣቴ ጀምሬላታለሁ።